«ሮቤ!» የተባለ ቀን

ያቺ ኔትወርክ ሲደክም ስልክ ላይ የምትሽከረከረው ትንሽ ቀለበት አለች አይደል? እሷን ባየሁ ቁጥር የገብስ እብቅ አፍንጫዬን ይበላኛል። ሳቂ፣ ግድ የለም። አሁን ደጃፌ ላይ ቆመሽ ስልክሽን ወደ ጣሪያው ስታነሺ፣ ቀለበቷም ስትዞር ስትዞር ሳያት፣ እዚሁ ጅማ ቆሜ የጎባ ፀሐይ ጀርባዬን ሲመታኝ ተሰማኝ። እናትሽ ደግሞ እዚያ ማዶ አንዴ ያጠበችውን ድስት እንደገና እየፈተገች ነው። ምደባው ዛሬ ካልወጣ ነገ ይወጣል፤ አንቺ ስላፈጠጥሽበት አይፈጥንም። ነይ ቁጭ በይ፣ የእኔን ላውራሽ።

የዛሬ ስንት ዓመት ነው ብለሽ ግን እንዳትጠይቂኝ፤ አሮጊት አታድርጊኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወስደን፣ ውጤት መጥቶ፣ ማለፋችንን አውቀን፣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫችንን ሞልተን ጨርሰናል። የቀረን የት እንደምንመደብ ማወቅ ብቻ ነበር። ያ ዓመት ሁሉ ነገር የዘገየበት ዓመት ስለነበር፣ ምደባው የሚጠበቀው ገብስ ታጭዶ በሚወቃበት ሰሞን ላይ ወደቀ። ቤታችን ጎባ ዳር፣ ከአያቴ እርሻ ጋር አጥር ለአጥር ነው። የእናቴ አባት ናቸው፤ አካኮ እንላቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት አመዳዩ ገለባው ላይ ነጭ ብሎ ያድርና ፀሐይ ስታገኘው መሬቱ ሁሉ ይጤሳል። ከሜዳው በኩል ስንዴ የሚያጭደው ኮምባይነር ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይሰማል። አካኮ ግን «ያ ብረት ገለባዬን ያደቅብኛል» ብለው ገብሳቸውን በበሬ ነበር የሚያስወቁት።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ መውጣት። ከባሌ መውጣት። ባሌን ጠልቼ አይደለም፤ ማን ይጠላታል! ግን ከሻሸመኔ ወዲያ አልፌ አላውቅም ነበር። ጠዋት የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ፣ መስኮቱን ተደግፎ የሚያንቀላፋው ሰው ሁሉ ያስቀናኝ ነበር። በሚያንቀላፋ ሰው የምቀና ልጅ ነበርኩ ስልሽ! ምርጫ ስንሞላ ጅማን አንደኛ አደረግኳት። የምፈልገው ትምህርት እዚያ ነበረ፤ ደግሞም ጅማ ሙቅ ነው፣ ቅጠሉ አይደርቅም ሲሉ ሰምቻለሁ። ጎባ ያደገች ልጅ ሙቀት የሚባል ነገር ሲነግሯት ታብዳለች። እኛ እኮ ሁለት ካልሲ ደርበን ነው ያደግነው።

እማዬ ደግሞ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሮቤ። ሮቤ ማለት ከጎባ ሚኒባስ ውስጥ ገብተሽ ሳትደላደዪ የምትደርሺበት ከተማ ነው፤ ዩኒቨርሲቲም አለው። «ሮቤ ምን ጎደላት?» ትላለች እማዬ፣ ልብስ እያጣጠፈች፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ፀጉሬን እየሠራች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጫለሽ። ልብስሽን አጥብልሻለሁ። ዳቦሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ።» ጓደኛዬ ደግሞ ነገሩን ታባብሰው ነበር። የጎረቤት ልጅ ናት፤ አብረን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። እሷ ሮቤን አንደኛ መርጣ፣ «እኔ የእናቴን ሽሮ ትቼ የትም አልሄድም» እያለች በየቤቱ ታወራለች። እማዬ ይኼን ስትሰማ ዓይኗን ወደ እኔ ትወረውርና «የወለደ እንዲህ ያለች ይውለድ!» ትላለች። ያናድደኝ ነበር፤ ታድያ ያስቀኝም ነበር።

የእማዬ ፍርሃት ግን ዝም ብሎ የእናት ስስት አልነበረም። አባዬ ጎጃሜ ነው። በወጣትነቱ ጤና ባለሙያ ሆኖ ሲመረቅ ጎባ ተመደበ፤ ለሁለት ዓመት። ሁለት ዓመት ሠርቶ ሊመለስ። ከዚያ እማዬን አገኘ፣ እኔ መጣሁ፣ እዚያው ቀረ። እናቱ በየበዓሉ ይደውላሉ። ስልኩን መጀመሪያ የምታነሳው እማዬ ናት። «ልጄስ ደህና ነው? መቼ ነው የሚመጣው?» ሲሏት፣ «ለፋሲካ ይመጣል እማማ» ትላቸዋለች፤ ፋሲካም ያልፋል። ስልኩን ዘግታ ወደ ጓዳ ትገባለች። አንድ ቀን እኔ ስለ ጅማ ስለፈልፍ፣ አባዬ በተቀመጠበት፣ ድምፅዋን ሳትጨምር «ምደባ የወሰደውን ሰው ሲመልስ አይቼ አላውቅም» አለች። አባዬ ጫማውን ማየት ጀመረ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እማዬ የፈራችው መንገዱን አልነበረም፤ ስልኩን ነው። አንድ ቀን እሷም በበዓል እየደወለች መቼ ትመጫለሽ የምትል እናት እንዳትሆን።

እንግዲህ ቤቱን አስቢው። ሁሉም ተጨንቋል፣ ሁሉም አልተጨነቅኩም ይላል። ይኼኔ አባዬ ሬዲዮ ላይ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሲያወራ ሰማልሽ። ሰውየው ለወላጆች ምክር ሲሰጥ ነበር፤ ልጆቹን ደጋግማችሁ አትጠይቁ፣ የራሳችሁን ጭንቀት አታጋቡባቸው፣ ስለ ጉዳዩ የምታወሩበትን ሰዓት ለዩ፣ በረጅሙ ተንፍሱ እያለ። ጥሩ ምክር ነው፤ እናትሽም ብትሰማው አይጎዳትም። አባዬ ግን ምክሩን አዋጅ አደረገው። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ከእራት በፊት ግማሽ ሰዓት ካልሆነ በቀር ምደባ የሚባል ቃል አይነሳም!» አለ። ደስ አለን። በነጋታው ራሱ ሽንት ቤት ገብቶ በር ዘግቶ ስልኩን ሲጎረጉር እማዬ ያዘችው።

በዚህ አላበቃም። የደም ግፊት መለኪያውን ከቁም ሳጥን አወጣ። ጭንቀታችን እየቀነሰ መሆኑን ሊያረጋግጥ ነዋ! ማታ ማታ ተራ በተራ እንቀመጥና ክንዳችንን ያስራል፣ ያቺን ጎማ ፉስ ፉስ ያደርጋል፣ ግንባሩን ቋጥሮ ያዳምጣል። እራት እኛ ጋ ነው የሚበሉትና አካኮም ይለካሉ፤ የእሳቸው ሁልጊዜ የወጣት ነው፤ «እኔን ተወኝና በሬዎቹን ለካ» ይሉታል። አንድ ማታ የእማዬ ተራ ሆነና እኔ ቀልደኛዋ ከኋላዋ ተጠግቼ ጆሮዋ ሥር በቀስታ «ጅማ» አልኩ። እማዬ ዘወር ብላ ልትመታኝ ቃጣች፣ አካኮ ሳቁ፣ አባዬ «ልኬቱን አበላሻችሁብኝ፣ ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ። እንደገና ለካት። ከዚያ ቁጥሩን አየና ጨርቁን ከክንዷ ላይ ቀስ አድርጎ ፈታው። «ስንት ነው?» አለችው። «ደህና ነሽ» አላት። የአባዬን ውሸት ደግሞ እኛ ቤት ድመቷም ታውቀዋለች። ከዚያ በኋላ በዚያ ነገር አልቀለድኩም።

አዋጁን መጀመሪያ የጣሰችው እማዬ ናት፤ ግን በዘዴ። ምደባ አትበሉ ተባልን አይደል? እራት ተበልቶ ሳህን ሲነሳ እኔን እያየች «እንዴት ነው፣ ደመናው ምን ይመስላል?» አለችኝ። ወዲያው ገባኝ። «ገና ነው፣ ምንም ነገር የለም» አልኳት። አባዬ ጋዜጣውን እንደያዘ «ጠዋት ትንሽ ሊያጉረመርም ነበር አሉ» አለ፤ ምደባው ዛሬ ነገ ይወጣል የሚል ወሬ ሰምቶ ነው። በቃ፣ በየቀኑ እንዲህ ሆነ። «ደመናው ወደ የት ያደላ ይመስልሻል?» «ወደ ጅማ ሳይሆን አይቀርም።» «አይ፣ እዚሁ ሮቤ ላይ ነው የሚወርደው፣ ታያላችሁ።» ሳቃችንን እንውጣለን። ጭንቀቱም፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ በዚያ ጨዋታ ቀለል አለልን፤ የሬዲዮው ሰውዬ ያላሰበው መድኃኒት።

ችግሩ አካኮ ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፤ የእኛን ቅኔ ግን ማን ፈትቶ ይንገራቸው? እሳቸው ዓመት ሙሉ የደከሙበት ገብስ አውድማ ላይ ነው ያለው። ደመና የሚለውን ቃል በሰሙ ቁጥር ጋቢያቸውን ደርበው ይወጣሉ፤ ሰማዩን በተራራው በኩል፣ በዲንሾ በኩል፣ በቆላው በኩል ያዩና ይመለሳሉ። «ጥርት ብሏል! የምን ደመና ነው የምታወሩት?» ይላሉ። እኛ ደግሞ እንስቃለን። ሳቃችን ይባስ አጠራጠራቸው። «አማቼ ሬዲዮ ይሰማል» ብለው ለጎረቤት ሲናገሩ ኋላ ሰማን፤ «የሆነ ነገር ሰምቶ እንዳልደነግጥ ደብቆኛል። ያለ ወቅቱ የሚመጣ ዝናብ አለ።» ሄደው ሸራ ተዋሱ። ጎረቤቱም ሽማግሌው ያለ ነገር አይሉም ብሎ ጆሮውን አቆመ። ለካ እኛ ቤት ውስጥ ስንቀላለድ ሰፈሩን በሙሉ አስጨንቀነዋል!

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ደቦ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አካኮ አውድማ ላይ ወጥቷል። በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ነጂው ይዘፍናል፣ ገለባው በመንሽ ወደ ላይ ሲወረወር እብቁ ፀሐዩ ላይ ወርቅ ይመስላል፤ ከዚያ ዓይንሽ ውስጥ ሲገባ ግን ወርቅነቱን ትረሺዋለሽ። የተወቃው ገብስ መሬት ላይ ተሰጥቷል። የደረቀ ገለባና የበሬ ላብ አንድ ላይ ሲሸቱ አፍንጫ ውስጥ ይቀራሉ፤ እስከ ዛሬ ከእኔ አልወጡም። አባዬ እጅጌውን ሰብስቦ ከገበሬ ጋር ገበሬ ሆኗል። እኔና ጓደኛዬ እርጎና ቆሎ አቅርበን ስናበቃ ከአውድማው ጎን ያለችው ጉብታ ላይ ወጣን። በሰፈሩ ኢንተርኔት ደህና አድርጎ የሚሠራው እዚያች ላይ ብቻ ነው። አንድ እግርሽን ድንጋይ ላይ አድርገሽ፣ ክንድሽን ዘርግተሽ፣ እንዲህ፣ አንቺ አሁን እንዳደረግሽው።

ጓደኛዬ «ወጥቷል!» አለች።

እግዜር ያሳይሽ፣ ሁለታችንም ስልኩ ላይ ተደፋን። «የማን ይታይ?» «የአንቺ!» «አይ፣ የአንቺ!» ስንባባል የእሷ ይሁን ተባለ። ቁጥሯን ስታስገባ ሁለቴ ተሳሳተች። ያቺ ቀለበት መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመች መሰለን፣ እንደገና ዞረች። «ኧረ በማርያም!» አለች ጓደኛዬ ስልኩን እንደ ሰው እየለመነች። ከዚያ ጽሑፉ ብቅ አለ።

«ሮቤ!» ብላ ጮኸች። እኔም ከእሷ በላይ እየዘለልኩ «ሮቤ! ሮቤ! ሮቤ!»

አንቺ ጅማ ያደግሽ ልጅ ኦሮምኛሽ ከእኔ ይሻላል፤ «ሮቤ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልነግርሽም። «ዘነበ» ማለት ነዋ! የሚኒባስ ረዳት ቀኑን ሙሉ «ሮቤ፣ ሮቤ» ሲል ማንም ሸራ አያነሳም፤ እሱ መንገድ ላይ ነው። አውድማ ላይ፣ ገብስ ተሰጥቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዝናብ መጣ አልመጣ እያለ በተጨነቀበት ሰሞን፣ ሁለት ልጆች ከጉብታ ላይ ሆነው «ሮቤ!» ብለው ሲጮሁ ግን ሌላ ነው። አካኮ መንሻቸውን ወረወሩ። «ሮባ! ሮባ!»፣ ዝናብ! ዝናብ! ብለው ሲጮሁ፣ ያ ደቦ በአንድ ጊዜ ተነሣ። አንዱ ሸራ ይጎትታል፣ ሌላው ገብሱን በእጁ ወደ መሃል ይሰበስባል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ገፈው የቻሉትን ይሸፍናሉ፣ በሬዎቹ ደንግጠው እርጎው ላይ ሄዱበት። አንዲት ጎረቤታችን ቤቷ ሮጣ ጃንጥላ ይዛ መጣች። ጃንጥላ! አባዬ የሸራውን አንድ ጫፍ ይዞ «ወደዚህ! ወደዚህ ሳቡት!» እያለ ያዛል። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነው፣ አንድ ጭረት ደመና የለበትም፤ ቀና ብሎ ያየ አንድ ሰው የለም።

እኔ ከላይ ሆኜ በሳቅ ልሞት ደረስኩ። ሆዴን ይዤ ተቀምጫለሁ። ጓደኛዬ ግን ነገረኛ ናት፣ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ፤ «አንቺ! ያንቺን እኮ አላየንም!»

ሳቄ ቀጥ አለ። ቁጥሬን እሷ ናት ያስገባችልኝ። ቀለበቷ ዞረች። ከታች ጩኸቱ አለ፣ አቧራው አለ፣ እኔ ግን ዓይኔን ከቀለበቷ አልነቀልኩም። ከዚያ አየሁት። ጅማ። የመረጥኩት ትምህርት፣ ጅማ። ልጮህ አፌን ስከፍት ጓደኛዬ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እየዘለልን፣ እያለቀስን፣ እየሳቅን፣ ከጉብታው ተንከባልለን ልንወርድ ምንም አልቀረን። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ሳገባ እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም፤ ባለቤቴ እንዳይሰማ።

እልልታ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ከቤታችን በኩል ነው የሚመጣው። እማዬ ናት። በጎባ ምድር «ሮቤ!» ሲባል ስለ ዝናብ ያላሰበች ብቸኛዋ ሰው እሷ ነበረች። ሻሿ ወልቆ፣ ሊጥ እጇ ላይ እንዳለ፣ ገለባው እግሯን እየወጋት በባዶ እግሯ ትሮጣለች፤ እየሮጠች እልል ትላለች። ሸራ የያዙት ሰዎች ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ይኼኔ ነው አንዱ ቀና ብሎ «ኧረ ሰዎች፣ ዝናቡ የታለ?» ያለው። እማዬ ማንንም አላየችም። ጉብታው ሥር ደርሳ በሊጥ እጇ ፊቴን ያዘች። «ልጄ! ሮቤ! አላልኩም? አላልኩሽም?» ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ ዓይኔን ሳመችኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጫለሽ። ብርድ ልብሱን የኔን ትወስጃለሽ። እኔም ገበያ ስወጣ ብቅ እያልኩ አይሻለሁ…»

እንዴት ልንገራት? ጓደኛዬን አየኋት፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። አባዬን አየሁት፤ የሸራውን ጫፍ እንደያዘ ፊቴን አይቶ ገብቶታል። ራሱን በቀስታ ነቀነቀልኝ፤ ንገሪያት ማለቱ ነው።

«እማዬ» አልኳት። «ሮቤ የእሷ ነው። የእኔ ጅማ ነው።»

እጇ ፊቴ ላይ እንዳለ ቀረ። ሊጡ ጉንጬ ላይ ቀዝቀዝ ሲል ይታወቀኛል። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር መጥቶ ሄደ፤ ያን ዛሬም ላስታውሰው አልወድም። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች። ቀና አለችና እልልታዋን እንደ አዲስ ጀመረችው። ከመጀመሪያው ይረዝማል። መሃሉ ላይ ተቆረጠባት፤ ያቺ ጃንጥላ የያዘችው ጎረቤታችን ተቀበለቻት፣ ጓደኛዬም ተቀበለች፣ ከዚያ ደቦው በሙሉ ጨፈረ። ሸራውን ጥለው፣ ገብሱ ዙሪያ፣ በጠራራ ፀሐይ።

አሁን ሳስበው እማዬ ልክ ነበረች። እይኝ እስቲ፣ የት ነው ያለሁት? ተምሬ ጨረስኩ፣ እዚሁ ሥራ ያዝኩ፣ እዚሁ ትዳር ያዝኩ። ጎባ ስሄድ ሰዉ ሰላምታውን ሳይጨርስ «መቼ ነው የምትመለሺው?» ይለኛል። እማዬም አልጋዬን በእንግዳ አንሶላ ታነጥፍልኛለች። በየበዓሉ ስልኬ ይጮኻል፤ «ለፋሲካ እመጣለሁ» እላታለሁ። አንዳንዴ እሄዳለሁ፣ አንዳንዴ… ተይው።

ግን የዚያን ቀን ጭፈራው ሲበርድ አካኮ መንሻቸውን አንሥተው ወደ እኛ መጡ። እንዳልዘነበ ገብቷቸው ነበር፤ ለምን እንደሚጨፈር ሲጠይቁ ግን «ጅማ ደርሷት ነው» ብቻ ተባሉ። እኔን አዩኝ፣ እማዬን አዩአት፣ ከዚያ በኦሮምኛ «ጅማ ሩቅ ነው?» ብለው ጠየቁ። አባዬ መንገዱን ያውቃል፤ ያኔ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው። ሊናገር አፉን ከፈተና እማዬን አይቶ መልሶ ዘጋው።

እማዬ ክንዴን በሊጥ እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። ከሻሸመኔ አልፋ አታውቅም፤ እስከ ዛሬም አላለፈችም። «ቅርብ ነው» አለች፤ አንዴ በኦሮምኛ ለእሳቸው፣ አንዴ በአማርኛ ለእኔ።